የተመረቀው ጉድጓድ ዛሬም ይሠራል? የዓለም የውሃ ቆጠራ የሚያየውና የማያየው

ስለ አንድ ዓመት የተነገሩ ሁለት ቁጥሮችን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያካሂዱት የክትትል ፕሮግራም በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያ ዓመት «የተሻሻለ» የመጠጥ ውሃ ምንጭ ያላገኘው ሕዝብ 663 ሚሊዮን ነው አለ። ይኸው ፕሮግራም በ2017 ስለዚያው ስለ 2015 ሌላ ሪፖርት አወጣ። በዚህኛው ደግሞ ደኅንነቱ ተጠብቆ የሚቀርብ ውሃ የሌለው 2.1 ቢሊዮን ሰው ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ በመሃል ምን ተፈጠረ? በውሃው በኩል ምንም። የተለወጠው መለኪያው ነው። አንድ ቢሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሕዝብ በአንዱ መለኪያ «ውሃ አለው» ተብሎ ተቆጥሮ በሌላው «የለውም» ተባለ።

ይህን የማነሳው ሪፖርቱን የሚያዘጋጁትን ሰዎች ለማሳጣት አይደለም። እንዲያውም መለኪያቸውን ራሳቸው አጥብቀው ማስተካከላቸው ያስመሰግናቸዋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የመንግሥታት ዕቅድና የለጋሾች ገንዘብ የሚሄደው መለኪያው ወደሚያይበት አቅጣጫ ነው። መለኪያው ግንባታን ካየ ግንባታ ይበዛል፤ ጥገናን ካላየ ጥገና ይረሳል። አዲሱ መለኪያ ከአሮጌው በጣም ቢሻልም፣ የገጠሩ አብዛኛው ሕዝብ የቆመበትን ቦታ አሁንም በደንብ አያይም ብዬ እከራከራለሁ። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

«የተሻሻለ» ሲባል ምን ማለት ነበር?

በምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ዘመን የውሃ ምንጭ የሚመደበው በአሠራሩ ነበር። ቧንቧ፣ ቦኖ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ክዳን ያለው የእጅ ጉድጓድና የጎለበተ ምንጭ «የተሻሻለ» ይባላሉ። ወንዝ፣ ኩሬና ክፍት ጉድጓድ ደግሞ «ያልተሻሻለ»። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመቶ በሚቆጠሩ አገሮች ቤት ለቤት ለሚዞር ጠያቂ «ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብሎ መጠየቅ ይቻለዋል። ከየቤቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ግን ያኔ እጅግ ውድ ነበር። ስለዚህ የግንባታው ዓይነት የውሃውን ንጽህና ወክሎ ቆመ።

ውክልናው የት እንዳደረሰን እነሆ። በመጋቢት 2012 ሁለቱ ድርጅቶች የውሃው ግብ ከቀጠሮው አምስት ዓመት ቀድሞ በ2010 መሳካቱን አበሰሩ። 89 በመቶው የዓለም ሕዝብ፣ ማለትም 6.1 ቢሊዮን ሰው፣ ከተሻሻለ ምንጭ ይጠጣል ተባለ። የቀረው 783 ሚሊዮን ነው። በዚያው ዓመት ግን የውሃ ጥራት መረጃን ጨምረው ያሰሉ ተመራማሪዎች በ2010 ንጹሕ ያልሆነ ውሃ የሚጠጣው ሕዝብ 1.8 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆን አሳዩ። ደስታው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ከ1990 ወዲህ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የተሻለ ምንጭ አግኝተዋል። ተሳካ የተባለው ነገር ግን ሰው እንደተረዳው «ንጹሕ ውሃ» ሳይሆን «ንጹሕ ሊሆን የሚችል ግንባታ» ነበር።

የልዩነቱን ክብደት ባንግላዴሽ በሚገባ ታውቀዋለች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍ ሕዝቡ የኩሬ ውሃ መጠጣት ትቶ ወደ ቱቦ ጉድጓድ እንዲዞር ሠሩ። ዓላማው የተቅማጥ በሽታን መቀነስ ነበር፤ ሐሳቡም በጊዜው ትክክል ነበር። በ1993 ግን ከጉድጓዶቹ ውሃ ውስጥ አርሴኒክ ተገኘ። ከደለሉ ውስጥ በተፈጥሮ የሚለቀቅ፣ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዝ ነው። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ ከ125 ሚሊዮኑ የአገሪቱ ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚሆነው ለአደጋው ተጋልጧል ሲል ገመተ። ከዚያ በኋላ ሚሊዮኖች ጉድጓዶች ተመርምረው መርዛማዎቹ ቀይ፣ ደህናዎቹ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። በመለኪያው ዓይን ግን ቀዩም አረንጓዴውም ያው «የተሻሻለ» ነበሩ።

ሩቅ አገር የሆነ ነገር ብላችሁ አትለፉት። የእኛም ስምጥ ሸለቆ የራሱ ጉድ አለው፤ ፍሎራይድ። እዚያ ያሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ፍሎራይድ ወደ ውሃው ይለቃሉ። በውሃው ውስጥ ካልሲየም በርከት ቢል ኖሮ ፍሎራይዱ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን በብዛት ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነውና ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ መጠኑ በጣም ሲጨምር ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይወፍራል። በወንጂ አካባቢ ችግሩ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም እዚያ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ በድሮው ቆጠራ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

አዲሱ መሰላልና ያልታየው ደረጃ

ከ2015 በኋላ፣ በዘላቂ የልማት ግቦች፣ መለኪያው መሰላል ሆነ። ከላይኛው እርከን ላይ ለመቆጠር ውሃው ከተሻሻለ ምንጭ መምጣቱ ብቻ አይበቃም። ግቢ ውስጥ መገኘት፣ ሲፈለግ መኖር፣ እንዲሁም ከሰገራ ብክለት፣ ከአርሴኒክና ከፍሎራይድ ነጻ መሆን አለበት። ከዚህ ዝቅ ብሎ ያለው «መሠረታዊ» እርከን ነው፤ ምንጩ የተሻሻለ ሆኖ፣ ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ እዚያ ይመደባል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ለውጥ ጋር ቀድመው ከተራመዱት አንዷ ናት። በ2016 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በቤት ለቤት ጥናቱ ውስጥ የውሃ ናሙና ምርመራን አካተተ፤ ኢ. ኮላይ የተባለውን የሰገራ ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያ ጭምር። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ጠቃሚ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ከተሻሻለ ምንጭ ቢቀዳም፣ የላይኛውን እርከን መስፈርት የሚያሟላ ውሃ የሚያገኘው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። አገር ስለራሷ እንዲህ ያለ ቁጥር ማውጣቷ ድፍረት ይጠይቃል።

እስካሁን ጥሩ ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። «ሲፈለግ መኖር» እና «ከብክለት ነጻ መሆን» የሚጠየቁት በላይኛው እርከን ላይ ብቻ ነው። የመንደር የእጅ ፓምፕ ወይም የሰፈር ቦኖ ግቢ ውስጥ ስላልሆነ ምንም ያህል ጥሩ ቢሠራ ወደዚያ እርከን አይወጣም። «መሠረታዊ» ላይ ይቆማል፤ እዚያ ደግሞ «ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠራ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጥገናው የሰመረ ፓምፕና ግማሽ ዓመት የሚቆም ፓምፕ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። እርግጥ ጠያቂው በመጣበት ሰሞን ፓምፑ ተሰብሮ ከሆነ ቤተሰቡ ሌላ ምንጭ ሊናገር ይችላል። ያ ግን የአጋጣሚ ጉዳይ እንጂ ልኬት አይደለም።

ከተማውም ቢሆን አልዳነም። በብዙዎቹ ጥናቶች ውሃ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ወይም በሳምንት ቢያንስ 4 ቀን ከመጣ «ሲፈለግ አለ» ተብሎ ሊያዝ ይችላል። በፈረቃ ውሃ የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በሳምንት ሦስት ቀን የቆመ መስመር ውስጥ ግፊት ስለሚጠፋ፣ በስንጥቁ በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊሳብ ይችላል። መቆራረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጥራትም ጉዳይ ነው።

አንድ ቀላል ስሌት

በምህንድስና የአንድን መሣሪያ አስተማማኝነት ስንለካ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በየስንት ጊዜው ይበላሻል? ሲበላሽስ ለመጠገን ምን ያህል ይፈጃል? እስቲ ሁለት ፓምፖችን አስቡ። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰበራል፣ ግን መለዋወጫ እስኪመጣ 90 ቀን ይቆማል። ሁለተኛው ደካማ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ይሰበራል፣ ግን በየጊዜው በ3 ቀን ይጠገናል። የመጀመሪያው የዓመቱን 75 በመቶ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው 97 በመቶ ገደማ ይሠራል። የትኛው መንደር ይሻላል?

መልሱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚሄደው በአብዛኛው ጠንካራውን ፓምፕ ለመግዛት እንጂ የጥገናውን ጊዜ ለማሳጠር አይደለም። ጉዳቱም ከቀኑ ቁጥር በላይ ነው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን በሚመለከቱ የስጋት ስሌቶች እንደታየው፣ ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ ጥቂት ቀን ወደ ወንዝ መመለስ ብቻውን ከጤናው ጥቅም ትልቁን ክፍል ሊያሳጣ ይችላል። ሰውነት አማካይ አይጠጣም፤ ዛሬ የቀረበለትን ነው የሚጠጣው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች መረጃውን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት ከአራት የእጅ ፓምፖች አንዱ ገደማ አይሠራም። የሚገርመው መፍትሔው በመሣሪያው በኩል ታስቦበት ነበር። በእኛም ገጠር የሚታወቀው አፍሪዴቭ ፓምፕ በ1980ዎቹ በዓለም አቀፍ ትብብር የተሠራው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ ነው። ቧንቧው ሳይነቀል የውስጥ ዕቃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ንድፉም የማንም የግል ንብረት አይደለም። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ከጎማ የተሠራች ትንሽ ማሸጊያ ስታልቅ፣ እሷን የሚሸጥ ሱቅ ወረዳው ከተማ ላይ ከሌለ ንድፉ ምን ያደርጋል? ዕቃው ዓለም አቀፍ ድጋፍ አገኘ፤ የመለዋወጫው ሰንሰለት ግን ባለቤት አጣ።

የምረቃ ቀን ፈተና

መለኪያ በሌለበት ቦታ የሚነግሠው ወሬ ነው። የደቡብ አፍሪካው ፕሌይፓምፕ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ልጆች ዙሪያውን እየሮጡ የሚያሽከረክሩት መጫወቻ ከጉድጓድ ጋር ተያይዞ ውሃ ይስባል። ሐሳቡ ልብ ይነካል። በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና አጋሮቹ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡለት፤ ዕቅዱ እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፕ መትከል ነበር።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንዱ ፓምፕ እስከ 2,500 ሰው ያገለግላል ተባለ። በአስቸኳይ ጊዜ መስፈርት ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ስለዚህ በቀን 37,500 ሊትር ያስፈልጋል። ፓምፑ በሰዓት 1,400 ሊትር ያወጣል ተባለ። ብናካፍለው 27 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት ይጫወቱ ማለት ነው! ይህን ስሌት አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በ2009 አሳተመው። በኋላ የወጡ ግምገማዎችም በብዙ ቦታ መጫወቻውን የሚያሽከረክሩት ልጆች ሳይሆኑ ሴቶች እንደሆኑ አሳዩ። አንድ ማካፈል የሚበቃው ጥያቄ ገንዘቡ ቃል ከተገባ ከሦስት ዓመት በኋላ በጋዜጣ መጠየቁ ነው የሚያሳዝነው።

በሳኒቴሽኑ በኩልም ታሪኩ ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ሜዳ ላይ መፀዳዳትን በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ አወረደች፤ በዓለም ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። ሆኖም ሽንት ቤት መቆፈር የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ሲሞላስ? መምጠጫ መኪና በማይገባበት መንደር የተሞላ ጉድጓድ ቤተሰቡን ወደ ሜዳ ይመልሳል። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተካሄዱና በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው የወጣ ትልልቅ ሙከራዎች ደግሞ ቀላል ሽንት ቤት፣ የቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያና እጅ መታጠቢያ የልጆችን የቁመት ዕድገት እንዳላሻሻሉ፣ ተቅማጥንም የቀነሱት በባንግላዴሽ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ትምህርቱ «ሽንት ቤት አይጠቅምም» አይደለም። ዝቅተኛውን እርከን ሞልቶ «ጨረስን» ማለት አይቻልም ነው።

«ጥገና የአገሮቹ ድርሻ ነው»

ለጋሾች የሚሉት ክርክር አለ፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። የግንባታ ወጪ አንዴ ይወጣል፣ ጥገና ግን ዘላለማዊ ነው። የውጭ ገንዘብ ለዘላለም የሰው አገር ፓምፕ ሊጠግን አይችልም፤ ካደረገውም ጥገኝነት ይፈጥራል። ተጠቃሚው ይክፈል፣ መንግሥት ያግዝ።

በመርሕ እስማማለሁ። ችግሩ ይህ መርሕ ሳይፈተን የቆየ መሆኑ ነው። የመንደር የውሃ ኮሚቴ ከየቤቱ ጥቂት ብር ሰብስቦ ትንሹን ጥገና ይሸፍን ይሆናል፤ የተቃጠለ ሞተር ሲመጣ ግን ሳጥኑ ባዶ ነው። ዓለም አቀፉ ስሌትም ራሱ ይህን ወደ ጎን ይተዋል። የዓለም ባንክ በ2016 ያወጣውና በየጉባኤው የሚጠቀሰው የዓመት 114 ቢሊዮን ዶላር ግምት የግንባታውን ወጪ ብቻ የያዘ ነው። ሥራ ማስኬጃና ጥገና ከዚያ ውጭ ነው። ጉባኤው የሚጨነቅበት ቁጥር ይህ ከሆነ፣ ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ቢቆም ማን ይገረማል?

ሌላ መንገድ እንዳለ ጎረቤታችን ኬንያ ታሳያለች። በኪቱይ አካባቢ ተመራማሪዎች በፓምፖች እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚቆጥርና በሞባይል መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ገጠሙ። ፓምፕ ሲቆም ባለሙያው ሳይጠራ ያውቃል። በሙከራው አንድ ፓምፕ ተበላሽቶ የሚቆምበት አማካይ ጊዜ ከ27 ቀን ወደ 3 ቀን ያህል ወረደ። ከዚያ የተወለደው ፈንዲፊክስ የሚባል የጥገና ድርጅት መንደሮች አስቀድመው በሚከፍሉት ትንሽ ክፍያና የጎደለውን በሚሞላ የአደራ ፈንድ ይሠራል። ልብ በሉ፤ እዚህም የተጠቃሚው ክፍያ ብቻውን አልበቃም። የውጭው ገንዘብ ግን ለአዲስ ፓምፕ ሳይሆን ፓምፑ ለሚሠራበት ቀን ተከፈለ።

በእኛም አገር፣ በአፋር ክልል፣ በጥልቅ ጉድጓድ ሞተሮች ላይ ተመሳሳይ መቆጣጠሪያ የተገጠመው በአሜሪካው የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ነበር። ድርጅቱ በሐምሌ 2025 ሥራውን አቆመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ በእሱ ገንዘብ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተቋረጠ። የዓለም የውሃ ቆጠራ ከሚመገብባቸው ትልልቅ ምንጮች አንዱ ይኸው ጥናት ነው። ሌሎች ለጋሾች ለጊዜው ደገፍ ቢያደርጉትም፣ የዓለም መለኪያ በአንድ አገር ውሳኔ ሊወድቅ እንደሚችል ሁላችንም አየን።

ለሚቀጥለው ጉባኤ

ቃል የመግባት ችግር የለብንም። የተባበሩት መንግሥታት በ1977 በአርጀንቲና ማር ዴል ፕላታ ተሰብስቦ ለሁሉም ሰው በ1990 ውሃ ይደርሳል አለ። ከ1981 እስከ 1990 ያለው ጊዜም የውሃና ሳኒቴሽን አሥርት ዓመት ተባለ። ከዚያ 2015 መጣ፤ አሁን 2030 ላይ ነን። በመጋቢት 2023 ከ46 ዓመት በኋላ ሁለተኛው የውሃ ጉባኤ በኒው ዮርክ ተካሄደ፤ 700 ያህል ቃል ኪዳኖች ተመዘገቡ፣ ሁሉም በበጎ ፈቃድ፣ አንዱም አስገዳጅ ያልሆነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሏል ይህ ነው። በ2025 በወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2015 ወዲህ 961 ሚሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ውሃ አግኝተዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን 2.1 ቢሊዮን አሁንም የላቸውም፤ ደኅንነቱ የተጠበቀ ሳኒቴሽን የሌለው ደግሞ 3.4 ቢሊዮን ነው።

ቀጣዩ ጉባኤ በ2026 መጨረሻ በሴኔጋልና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ አስተናጋጅነት ቀጠሮ ተይዞለታል። ከዚያ አዲስ ቃል ኪዳን አልጠብቅም። ሁለት ነገር ግን መጠየቅ ይቻላል። አንደኛ፣ «መሠረታዊ» በተባለው እርከን ላይም ውሃው በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የግንባታ ስምምነት ቢያንስ ለአሥር ዓመት ጥገናውን ማን በምን ገንዘብ እንደሚሸከም በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ለጋሹም ከክፍያው የተወሰነውን ውሃው በሚፈስበት ቀን ልክ ይክፈል።

እናንተም አንባቢዎች የድርሻችሁን ማድረግ ትችላላችሁ። በዜና «የንጹሕ መጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ተመረቀ» ሲባል ስትሰሙ፣ ባለፈው ዓመት በዚያው ወረዳ የተመረቀው ስንት ቀን እንደሠራ ጠይቁ። የውሃ ቢሮው መልሱ ካለው ሥራው በመልካም እጅ ላይ ነው። ከሌለው ደግሞ ከአዲሱ ፓምፕ በፊት መግዛት ያለበት ቆጣሪውን ነው።